«እብጠት ስታዪ ነይ» መልስ አይደለም!

ገፈርሳ ግድቡ አካባቢ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። 41 ዓመቷ ነው። እናቷንም ታላቅ እህቷንም የጡት ካንሰር ነጥቋታል። «እኔስ ምን ላድርግ?» ብላ ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ «እብጠት ስታዪ ነይ» የሚል ነው።

ይህ መልስ ያናድደኛል። ገና ያልታመመችን ሴት የሚጠብቅ ክኒን እንዳለ ከታወቀ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗል! እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው፣ ከ13 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ታሞክሲፈን በጡት ካንሰር የመያዝን አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

«አሁን እኮ የተሻለ መጥቷል» የሚሉ አሉ። እሺ፣ እናወዳድር።

👉 ራሎክሲፈን፦ ለማህፀን ከታሞክሲፈን ይሻላል፤ የመከላከል አቅሙ ግን ያንሳል።
👉 አናስትሮዞልና ኤግዚመስቴን፦ በደንብ ይከላከላሉ፤ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ መገጣጠሚያ ያሳምማሉ።

ሦስቱም የሚሰጡት የወር አበባዋ ለተቋረጠ ሴት ነው። በአገራችን ደግሞ የጡት ካንሰር አብዛኞቹን የሚይዛቸው ገና 50 ሳይሞላቸው ነው። ስለዚህ ለጎረቤቴ ውድድሩ ሳይጀመር አለቀ፤ የቀረላት አሮጌው ታሞክሲፈን ነው። እሱም ለታማሚዎች ሕክምና ተብሎ አገር ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው።

«ጤነኛ ሴት ለምን የካንሰር መድኃኒት ትውጣለች?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ታሞክሲፈን ድንገተኛ ሙቀት ያመጣል፣ ደም ሊያረጋ ይችላል፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ላሉት የማህፀን ካንሰርን አደጋ ይጨምራል። እርጉዝ አትወስደውም። ሁሉንም ዓይነት የጡት ካንሰር አይከላከልም፤ ሞትን እንደሚቀንስም አልተረጋገጠም። ስለዚህ ከታማሚ ጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ፣ በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ መግዛት አይሞከርም!

ይህ ሁሉ ግን ሴቲቱን አስቀምጦ ለማማከር ምክንያት ነው እንጂ ዝም ለማለት ሰበብ አይሆንም። ደም ግፊት ያለበትን ሰው «ስትሮክ ሲመታህ ና» እንለዋለን?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ያሉ ጤና ጣቢያዎች ካርድ ሲያወጡ «እናትሽ ወይም እህትሽ የጡት ካንሰር ይዟት ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። «አዎ» ያለችውን ወደ ስፔሻሊስት ይላኩ። ጥያቄው ሳንቲም አያስወጣም። ዛሬ ብዙዎቹ ጥቁር አንበሳ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ ሁሉንም ሰምታ «አልፈልግም» ልትል ትችላለች። መብቷ ነው። ሳይነገራት መቅረቷ ግን ግፍ ነው።

እናቷን ወይም እህቷን በዚህ በሽታ ያጣች የምታውቋት ሴት ካለች ይህን ላኩላት።