ርካሹ ማዳመጫና ውዱ ጆሮ



በዚህ ወር የምንወያይበት ዕቃ መጠኑ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ዛሬ ግን በየቤቱ የገባ ነው። ይኸውም ወጣቶቻችን ‹‹ኤርፖድ›› የሚሉት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ነገሩ የተነሳው እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው። ውሃ ጠፍቶ በሰነበተበት ሰሞን ከዐስር ሶላት ስመለስ አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ጀሪካን ውሃ አስቀምጠው፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው አገኘኋቸው። ልጃቸውን ይጣራሉ። ብሎኩ በሙሉ ሰምቷል፤ ያልሰማው ልጁ ብቻ ነው። ጀሪካኖቹን ይዤላቸው ስንገባ፣ የአስራ ሰባት ዓመቱ ወጣት ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ሲያየን ደንግጦ ተነሳ፤ ሐፍረቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

‹‹ወንድሜ፣ እስኪ አንድ በለኝ›› አሉ እናት። ‹‹በዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው። ይገዛል፤ አንዱ ወገን ዝም ይላል፤ ሌላ ይገዛል። ጭራሽ ልከልክለው ወይስ ደህናውን ልግዛለት?››

ልጁም ‹‹ጋሼ፣ ቁርኣን እኮ ነው የማዳምጥበት፤ ጁዝእ ዐማን የሐፈዝኩት በዚህ ነው›› አለኝ። እናቱም እውነት መሆኑን መሰከሩለት። ልወጣ ስል ግን በሩ ድረስ ሸኝቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ፤ ማታ ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ሲር የሚል ነገር ይሰማኛል›› አለኝ።

እንግዲህ ፍርዱ ቀላል እንዳልሆነ ታያላችሁ። በአንድ ወገን በዚህ ዕቃ የተሐፈዘ ቁርኣን አለ። በሌላው ወገን የእናት ጥሪ የማይሰማ፣ ሌሊት የሚጮህ ጆሮ አለ። ሁለቱንም በሚዛን ላይ እናስቀምጥ።

ጥቅሙ

የአሜሪካው አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርፖድን ሲያወጣ የሀብታም ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን እንደ ኦራይሞ፣ ኢቴልና ሬድሚ ያሉ ኩባንያዎች ከዚያ ዋጋ በጣም ባነሰ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ማዳመጫዎች ይሸጣሉ። ለተማሪና ለደመወዝተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገመድ የለውም፤ አይጠላለፍም፤ የሚሸከምህ ማስቀመጫ ሳጥን ራሱ ቻርጅ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የጎረቤት ሐቅ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚኖርበት ያውቀዋል። ከወዲያ አራስ አለች፤ ከላይ በሽተኛ አለ፤ ከታች የሌሊት ተረኛ ቀን ይተኛል። ስልኩን በጩኸት ከፍቶ ጎረቤቱን ከሚያውክ ሰው፣ በጆሮው ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ይሻላል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥቅም ትምህርት ነው። ግብጻዊው ሼኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሙሉውን ቁርኣን በተርቲል አስቀርጸው ለዓለም ሲያበረክቱ፣ ያ ድምፅ አንድ ቀን በአንድ የልደታ ልጅ ጆሮ ውስጥ ገብቶ በቀላል ባቡር እንደሚሳፈር ማን ገመተ? ባቡራችን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። በዚያ ግፊያ ውስጥ ኪታብ መግለጥ አይቻልም፤ አንድን አንቀጽ አስር ጊዜ እየደጋገሙ ማዳመጥ ግን ይቻላል። ይህን ጥቅም መካድ ፍትሕ አይደለም።

ድክመቱ

የመጀመሪያው ድክመት ዕድሜው ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ከሞላና ከተሟጠጠ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ማለት ነው። ሁለቱ ፍሬዎች ደግሞ እኩል አያረጁም፤ አንዱ ቀድሞ ይሞታል። በሙጫ የታሸገ በመሆኑ ባትሪውን አውጥቶ መቀየር አዳጋች ነው። እናም እንደ ድሮው ሬድዮ አስጠግኖ ለልጅ የሚያወርሱት ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ድክመት በካርቶኑ ላይ የሚጻፈውና በውስጡ ያለው አለመገናኘቱ ነው። ‹‹ኢ ኤን ሲ›› የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ የውጭ ጩኸት የሚጠፋለት ይመስለዋል። ይህ ግን ስልክ ስትነጋገር በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ድምፅህን ጠርቶ እንዲሰማው የሚያግዝ ነው እንጂ ላንተ ጆሮ ጸጥታ የሚሰጥ አይደለም። ላንተ የውጩን ጩኸት የሚቀንሰው ‹‹ኤ ኤን ሲ›› የሚባለው ነው፤ እሱም በርካሾቹ ላይ ቢጻፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ‹‹አይ ፒ ኤክስ 4›› ማለትም የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት እንጂ ውሃ ውስጥ ይነከራል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውም ብዙ አያስተውለውም። ርካሽ ማዳመጫ በጆሮ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር የውጭ ድምፅ ያስገባል። ታክሲው ይጮኻል፤ ረዳቱ ይጣራል፤ ባቡሩ ይንኳኳል። አድማጩ ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። አሁንም ይጨምራል። በዋጋው ላይ ያተረፈውን ገንዘብ በጆሮው ይከፍላል ማለት ነው።

ጆሮ ስንት ያወጣል?

በውስጠኛው ጆሯችን፣ በእያንዳንዱ ወገን፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ለአንጎል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። በኃይለኛ ድምፅ ተመትተው ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ድምፁ ወደ 90 ካደገ በሳምንት የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ 100 ከደረሰ ደግሞ 20 ደቂቃ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ከፍ ባለ ድምፅ በማዳመጣቸው ምክንያት ለመስማት ችግር ተጋልጠዋል። ያ ‹‹ሲር›› የሚል ድምፅ ጆሮ ‹‹በቃኝ›› ሲል የሚልከው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን ከዲናችን አኳያ ስናየው ደግሞ ጆሮ የኛ ንብረት ሳይሆን አማና ነው። በሱረቱ-ን-ነሕል 78ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ከእናቶቻችን ሆድ ምንም ሳናውቅ አውጥቶን መስሚያን፣ ማያንና ልብን የሰጠን እንድናመሰግን መሆኑን ያስታውሰናል። በሱረቱ-ል-ኢስራእ 36ኛ አንቀጽም መስማትም ማየትም ልብም ተጠያቂ እንደሆኑ ያስገነዝበናል። ጥያቄው ‹‹ምን ሰማህበት?›› ብቻ አይመስለኝም፤ ‹‹እንዴት ጠበቅኸው?›› የሚልም ሳይኖርበት አይቀርም።

ከዚህም ሌላ ጆሮ የሰው ሐቅ አለበት። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዛን ስንሰማ ሙአዚኑ የሚለውን እንድንል አዘውናል፤ ሁለት ጆሮውን የደፈነ ግን አዛኑን ከየት ይሰማል? ሰላምታ መመለስ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ በደረጃ ላይ ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› ያሉት አዛውንት መልስ አጥተው ሲያልፉ ልጁ የናቃቸው ይመስላቸዋል። ቁርኣን እያዳመጠ እናቱን ያልሰማ ልጅስ የሚያዳምጠው ቁርኣን ምን እያለው ኖሯል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለገዢ፦ በሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ተከፍቶ ይሞከር። ሁለቱም ፍሬ መሥራቱን፣ ከሳጥኑ ጋር ቻርጅ መያዙን፣ በስልክ ሲነጋገሩበት ድምፅ መጥራቱን እዚያው ያረጋግጡ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትተው ጥቂት ይራመዱ፤ ከተቆራረጠ ይተዉት። በውስጡ የሚገኙትን ሦስት መጠን የላስቲክ ቆቦች በየተራ ሞክሩ፤ ሲገጥም የውጭው ድምፅ ወዲያው ይቀንሳል፣ ማዳመጫውን ማስጮህም አያስፈልግም። የታላቅ ኩባንያ ስም የተጻፈበት ‹‹ኮፒ›› ከመግዛት፣ በራሱ ስም የሚሸጥና የጥቂት ወራት ዋስትና ያለው ርካሽ ዕቃ ይመረጣል። የስልኩ ቀዳዳ የሚፈቅድለት ደግሞ ባለ ገመዱን አይናቀው፤ ባትሪ የለውምና ባትሪው አይሞትም።

ለሻጭ ወንድሞቻችን፦ በሙስሊም የተዘገበውን የእህል ክምር ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ ቢሰዱ ሥሩን እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረው፣ አታላይ ከኛ ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። የታሸገ ካርቶንም ያው ክምር ነው። ‹‹ኮፒ›› ከሆነ ‹‹ኮፒ ነው›› ብሎ መሸጥ በረካ አለው።

ለተጠቃሚ፦ ድምፁ ከ60 በመቶ አይለፍ። በክንድ ርቀት የቆመ ሰው ሲያናግርህ ካልሰማኸው በዝቷል። በየሰዓቱ ጆሮህን አሳርፍ፤ ተኝተህ አታድር። ቤት ውስጥና መንገድ ስትሻገር አንዱን ጆሮ ነጻ አድርግ። አዛን ሲባል አውጣው። ለውዱእ ስትቀመጥም እንዲሁ፤ ጆሮ ከውስጥም ከውጭም ይታበሳልና። በየጊዜው ቆቡን አውልቀህ ከኩክ አጽዳ፤ ለሌላ ሰው ጆሮ አታውሰው።

ለወላጆች፦ ከመከልከል በፊት ጠይቁ። ልጁ የሚያዳምጠውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውንም ጠይቁ፤ ‹‹ጆሮህ ይጮኻል ወይ?›› በሉት። ሊደብቃችሁ የሚችለው ቁጣን ፈርቶ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ለእናቱ የነገራቸው እኔ ሳልሆን እሱ ራሱ ነው። ‹‹እኔ ምስጢርህን አላወጣም፤ አንተ ግን ለናትህ ሐቅ አለብህ›› ብዬው ነበር። እናቱ አልጮኹበትም፤ ይዘውት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ጆሮውን እንዲያሳርፍ፣ ድምፅም እንዲቀንስ አዘዘው። አልሐምዱ ሊላህ፣ የሚሰማው ሲርታ ቀንሷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተወውም። አሁን ጁዝእ ተባረክን ጀምሯል፤ በዚያው በርካሹ ማዳመጫ፣ በአንድ ጆሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ሲመጣ እናትየዋ ከታች አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሩ። ‹‹አቤት እማዬ!›› የሚለው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

አላህ መስሚያችንን ለኸይር ያድርግልን፤ ኣሚን።