መዝጊያው ያልፈታው ችግር

ሃዲድና ጎዳና በእኩል ከፍታ ሲገናኙ፣ አንዳንዱን ማቋረጫ ምልክት ብቻ፣ ሌላውን መብራት፣ ደወልና መዝጊያ ክንድ ይጠብቀዋል። የባቡሩ መንኰራኵሮች ሁለቱን ሃዲዶች በኤሌክትሪክ ሲያገናኙ መሣሪያው ይነቃል፤ የፌዴራል ደንብም ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሰከንድ አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። ይህ ግጭትን ይከላከላል፤ ማቋረጫ ላይ የቆመን የጭነት ባቡር ግን አያነሣም።

የሪችመንዱ ማሪና ቤይ ሰፈር በእንዲህ ያለ መዘጋት ሲቸገር ኖሯል። መፍትሔ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው፣ ከሃዲዱ ሥር የሚያልፈው መንገድ ነው። ሁሉም ማቋረጫ ግን እንዲህ ሊሠራለት አይችልም። ባቡር መንገድ ዘግቶ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስን የፌዴራል ሕግ እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ለግንባታው ገንዘብ ከመመደብ ባሻገር የጊዜ ገደቡን በሕግ ሊደነግግ ይገባል፤ ከባቡር ወዲያ ማዶ ለቆመ አምቡላንስ እያንዳንዱ ደቂቃ የሕይወት ጉዳይ ነውና።