በቀል የባዕድ ሸቀጥ አይደለም

ኪነ ጥበብ በሰው ጠባይ ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ውይይት በተከፈተ ቁጥር ጣትን ወደ ባሕር ማዶ መቀሰር ሥር የሰደደ ልማድ ሆኗል። ወጣቱ ቢሳደብ ከፊልም የተማረው ነው፤ ቢደባደብ ከፊልም የቀሰመው ነው፤ ቂም ቢቋጥርም የሩቅ ምሥራቅ ድራማ ያስቋጠረው ነው ይባላል። ይህ አባባል ለሚናገረው ሰው ዕረፍትን ይሰጣል፤ በሽታው ከውጭ ገባ ከተባለ የቤትን ጓዳ መፈተሽ አያስፈልግምና። ይሁን እንጂ ዕረፍት የሚሰጥ ነገር ሁሉ እውነት አይደለም። በተለይ ነገሩ በቀል፣ የሚነገርበትም አገር ጎጃም በሆነ ጊዜ አባባሉ ሐሰት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ይሆናል።

ለዚህ ክርክር መነሻ የሆነው «ዘ ግሎሪ»፣ በአማርኛ «ክብር» ሊባል የሚችለው የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማ ነው። ድርሰቱ የኪም ኡን-ሱክ፣ ዝግጅቱ የአን ጊል-ሆ ሲሆን፣ ዐሥራ ስድስቱ ክፍሎች በታኅሣሥና በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በሁለት ዙር ለዓለም ተመልካች ቀርበዋል። ኮሪያ ለአያቶች ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተባት የጦር ሜዳ ነበረች፤ ለልጅ ልጆች ግን የድራማ አገር ሆናለች። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ ዱርቤቴ በሚደርሰው አውራ ጎዳና ዳር ባሉት ከተሞችም፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ፣ የኮሪያ ድራማ በፍላሽና በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች በትረካ ትርጉም ይከታተለዋል፤ የተከታተለውንም በማግሥቱ በትምህርት ቤት ደጃፍ ይተርከዋል።

ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሙን ዶንግ-ኡን የተባለች የድኻ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች አምስት ተማሪዎች ያሠቃዩዋታል፤ ገላዋንም በጋለ የጸጉር መተኮሻ ብረት ያቃጥሉታል። ለፖሊስ ብታመለክት ሰሚ አታገኝም። መምህሯ ይባስ ብሎ ይደበድባታል። ወላጅ እናቷ ደግሞ ከአሠቃይዋ ወገን ገንዘብ ተቀብላ ነገሩን የሚዘጋ ወረቀት ትፈርማለች። ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ በፋብሪካ እየሠራች፣ እንደገናም እየተማረች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ትሆናለች፤ ከብዙ ዓመታት ዝግጅት በኋላም የዋናዋ አሠቃይ የፓርክ ዮን-ጂን ልጅ የምትማርበትን ክፍል ትረከባለች። ባዱክ በተባለው የጠጠር ጨዋታ ተጋጣሚን ቀስ በቀስ እንደሚከቡት እርሷም ጠላቶቿን ከብባ እርስ በርሳቸው ታጠፋፋቸዋለች። በፍጻሜው ሁለቱ ይሞታሉ፤ አንዷ ድምፅዋን ታጣለች፤ የቀሩት ሁለቱ ወህኒ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ድራማ የሚሰነዘረው አስተያየት በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ወገን ያጨበጭባል፤ «የእጃቸውን አገኙ!» ብሎ እፎይ ይላል። ሁለተኛው ወገን ይቆጣል፤ «ልጆቻችንን ቂመኛ የሚያደርግ የባዕድ ሸቀጥ ነውና ይታገድ» ይላል። ሦስተኛው ወገን ዝም ይላል። በዚህ ሦስተኛ ወገን ውስጥ ብዙ መምህራን አሉበት፤ በድራማው ውስጥ ተማሪዋን የሚመታውን መምህር የሚመስል ሰው በየትምህርት ቤታቸው ያውቃሉና። ከሦስቱ አስተያየቶች እውነት ያለበት ይህ ዝምታ ነው። የሁለቱ ወገኖች ጩኸት ግን በየተራ ሊመረመር ይገባዋል።

በሚቆጣው ወገን እንጀምር ቢባል አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፦ ጎጃም በቀልን ከማን ተማረ? ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ደም መመለስ ግን ከዚያ በብዙ ዘመን ይቀድማል። አባቱ የተገደለበት ሕፃን የገዳዩን ስም የሚሰማው ከባዕድ ተዋናይ አፍ ሳይሆን ከገዛ ዘመዶቹ አፍ ነው። ያልተመለሰ ደም ያለበት ጎልማሳ በሰርግና በማኅበር አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ፉከራውና ቀረርቶው የገደለውን ከፍ ያደርጋል፤ የታገሠውን ያሳፍራል። አልቃሽም በሙሾዋ በሟች ወንድም ልብ ውስጥ እሳት ትለኩሳለች። ይህ ሁሉ የአገር ኪነት ነው፤ በዜማውም ሆነ በግጥሙ ውበት ያለው ኪነት ነው፤ ሥራውም ለብዙ ዘመን ሰውን ለበቀል ማነሣሣት ሆኖ ኖሯል። ይህን ረስቶ ወንጀሉን ሁሉ በኮሪያ ላይ የሚያላክክ ሐያሲ የአገሩን ባህል የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ ባህሉን ገና አላወቀውም። የበቀል ታሪክ ሁሉ ይታገድ ከተባለማ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ የበቃው «ሐምሌት» ከሁሉ አስቀድሞ በታገደ ነበር።

የሚያጨብጭበው ወገንም ቢሆን ድራማውን እስከ መጨረሻው አላየውም፤ ዓይኑ ቢያየውም ልቡ አላየውም። ዶንግ-ኡንን የሚረዳት ሐኪም አባቱ በታካሚ እጅ የተገደለበት ሰው ነው። የእርሷ ጠላቶች ከወደቁ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱት ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሳይሆን የአባቱ ገዳይ ወደ ታሰረበት ወህኒ ቤት ነው። ድራማው አለቀ እንጂ በቀሉ አላለቀም። እናቷ ባጠፋችው ጥፋት ምንም ያልተካፈለች ሕፃን ደግሞ እንደ ጠጠር በገበታው ላይ ተቀምጣ ስትገፋ ትታያለች። ይህን ሁሉ አልፎ ማጨብጨብ ከድራማው የሚጣፍጠውን ጎርሶ አጥንቱን ለሌላ መተው ነው።

ከዚህም በላይ የድራማው ትልቁ ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው። የዶንግ-ኡን ጠላቶች ሲወድቁ ደማቸውን የሚፈልግ ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ የላቸውም። እያንዳንዱ ብቻውን ቆሞ ብቻውን ይወድቃል። በደቡብ አቸፈርም ሆነ በቡሬ ገጠር ግን ሰው ብቻውን አይወድቅም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው መሣሪያውን ያነሣል፤ ገዳይ ይሸፍታል፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆቹ ገበያ መውጣት ይፈራሉ፤ የሟች ወገንም ተራውን እየጠበቀ የሌሊት እንቅልፉን ያጣል። የኮሪያው ደራሲ በዐሥራ ስድስት ክፍል የዘጋው ሒሳብ በጎጃም በሦስት ትውልድም አይዘጋም።

ታዲያ ሕዝቡ ስለ ምን ያጨበጭባል? ደም የሚወድ ሆኖ ነውን? አይደለም። መልሱን የአገሬው ሰው አስቀድሞ ተናግሮታል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። በፍርድ የተወሰደች በቅሎ ታስቆጫለች፤ ያለ ፍርድ የተነጠቀች ጭብጦ ግን ታንገበግባለች። ዶንግ-ኡን ወደ በቀል የሄደችው ፖሊሱን፣ መምህሩንና እናቷን አንድ በአንድ አንኳኩታ በሩ ሁሉ ከተዘጋባት በኋላ ነው። ጭብጨባው ለመግደል የሚጨበጨብ አይደለም፤ በዳኛው፣ በአስተዳዳሪውና በርእሰ መምህሩ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። ይህን አቤቱታ «የባዕድ ተጽዕኖ» ብሎ የሚያጣጥል የሥራ መሪ ለእርሱ የተጻፈውን ማመልከቻ ሳያነብ የቀደደ ሰው ነው።

እዚህ ላይ «ለዚህ መድኃኒቱ የአባቶች ሽምግልና ነው» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። እርቅ ደም ያደርቃል፤ እውነት ነው። ሽማግሌዎች መስቀል የያዙ ካህናትን አስከትለው ከሟች ቤት ደጅ ሲቆሙ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ እግር ሥር ሲወድቅ፣ ካሣ ሲቆረጥና መሐላ ሲፈጸም ብዙ ነፍስ ድኗል። ነገር ግን ሽምግልና የሚያደርቀው ደም እንዳለ ሁሉ የሚደብቀውም ደም አለ። የተጠለፈች ተማሪ አባት ጊደር ተሰጥቶት ነገሩን በሆዱ እንዲይዝ ሲለመን፣ ልጅቷም ለጠላፊዋ ሚስት ሆና ስትቀር ያ እርቅ አይደለም፤ የዶንግ-ኡን እናት የፈረመችው ወረቀት ነው። ሕጉ ራሱ በዚህ ተባባሪ ሆኖ ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት የሚድንበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በየሰፈሩ የተከፈተው ጓሮ በር ግን በአዋጅ ብቻ አይዘጋም። እውነቱ በአደባባይ ሳይነገር የተፈጸመ እርቅ ለነገ በቀል የተቀመጠ እርሾ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ኮሪያውያን ከድራማቸው ያተረፉትን መመልከት ይጠቅማል። ድራማው በወጣ ሰሞን በአገሪቱ ስለ ትምህርት ቤት ጥቃት ብርቱ ክርክር ተነሣ። አዘጋጁ ራሱ በወጣትነቱ በሌሎች ተማሪዎች ላይ ጉዳት ማድረሱ ተነሥቶበት ይቅርታ ጠየቀ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የአገሪቱን የምርመራ ፖሊስ እንዲመሩ የተሾሙ ባለሥልጣን ልጃቸው በትምህርት ቤት በፈጸመው ጥቃት ምክንያት ሹመቱን ለቀቁ። በሚያዝያ ወር ደግሞ መንግሥት የከባድ ጥቃት መዝገብ ከትምህርት ፍጻሜ በኋላ ለአራት ዓመት እንዲቆይና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዲቆጠር ወሰነ። ይህን ሁሉ ድራማው ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም። ሕዝቡ በልቡ የያዘውን ቁስል በግላጭ እንዲናገር ግን ረድቶታል። የኪነ ጥበብ ሥራም ይኸው ነው።

በኢትዮጵያስ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ማሰራጨት ሲጀምር ከኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበራት ዘንድ ከፍ ያለ ተቃውሞ ተሰምቷል። ስለ እንጀራቸው መጨነቃቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የተመልካቹን ልብ በክልከላ መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው የራሱን ቁስል በሚያሳየው ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆን ቅርስ ደግሞ አልጠፋም። በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት የተሠራው «ጉማ» ሳያስበው ወዳጁን የገደለ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የደም ዋጋ እየለመነ ሲንከራተት ያሳያል፤ የበቀልን ሸክም በገዳይ ትከሻ ላይ አድርጎ ያስመለክታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለደው በማንኩሳ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማትርቀው ማንኩሳ። በዚያው መጽሐፍ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ፊታውራሪ መሸሻን ማርከው በእጃቸው ካገቡ በኋላ አይገድሏቸውም። ደራሲው የተበደለ ሰው ክንድ ሲበረታ ምን ማድረግ እንደሚችል በጎጃም አፈር ላይ አስቀምጦ አልፏል። ከዚያ የቀጠለው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በብዙ ቤት ሐዘን አስቀምጧል። በሐዘን ቤት ያደገ ልጅ ነገ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ማን ገደለው? እኔስ ምን ላድርግ?» ለዚህ ጥያቄ ፉከራ የተዘጋጀ መልስ አለው። የበቀል ድራማም የተዘጋጀ መልስ አለው። መልስ ሳያዘጋጅ የተቀመጠው የአገሪቱ የኪነ ጥበብ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው ግልጽ ነው። መምህሩ ተማሪዎች ያዩትን ድራማ ከመንቀፉ በፊት በክፍሉ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያሠቃይ ይወቅ፤ ያወቀውንም አይሸፍን። የሥራ መሪው ጭብጨባውን እንደ አቤቱታ ይስማው። የድራማ ክበቡና የኪነት ቡድኑ በበዓል ቀን ከመፎከር አልፈው የእርቁን ሸንጎ ወደ መድረክ ያውጡ፦ ድንጋይ የተሸከመውን በዳይ፣ አፏ የተዘጋውን እናት፣ ጊደር ተቀብሎ የሚያፍረውን አባት፣ ማንም ያልጠየቃትን ልጅ። በዚያ መድረክ ላይ ልጅቷ ቀድማ ትናገር፤ ሽማግሌው ከእርሷ በኋላ ይናገር። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱም የሚጀምረው የተበደለው ሰው ከተሰማበት ቦታ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ኮሪያን መርገም የሰነፍ ሐያሲ ሥራ ሆኖ ይኖራል።