በወረቀት ሌላ፣ በአስፋልት ሌላ!

መኪና ገዢ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ሻጩም ሳያላምጥ ይመልሳል። «ሀይብሪድ እኮ ነው! ቤንዚን ያሸታል እንጂ አይጠጣም!» እኔ ዛሬ ሀይብሪድ ውሸት ነው ልል አልተነሳሁም። ቁጠባው እውነት ነው። ግን ለማን? የት ለሚነዳ? በስንት ጭማሪ? ይህን አጥርቶ የሚነግረን ጠፋ ነው የምለው።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሀይብሪዶች አባት የሚባለው ቶዮታ ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው በ1997 መጨረሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2004 ሞዴል ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ወደ እኛ ስሌት ሲመለስ፣ በሊትር 23 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይላል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለ2008 ሞዴሎች አለካኩን ሲያሻሽል ፈጣን አነዳድን፣ ኤርኮንዲሽነርንና ብርድን ጨመረበት። ያው መኪና 19 ተኩል ላይ ቁጭ አለ! ሞተሩ አልተለወጠ፣ ባትሪው አልተለወጠ። የተለወጠው መለኪያው ነው።

የፎርድ ሲ-ማክስ ሀይብሪድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የ2013 ሞዴሉ በሊትር 20 ይሄዳል ተብሎ ተሸጠ። ቁጥሩ ግን የራሱ አልነበረም። ሞተሩና ማርሹ ከፊውዥን ሀይብሪድ ጋር አንድ ነው በሚል የፊውዥን ቁጥር ነው የተለጠፈለት። ደንቡም ይህን ይፈቅድ ነበር! ገዢዎች አስፋልት ላይ ሲነዱት አልመጣላቸውም፤ ጮኹ። በ2013 ወደ 18፣ በ2014 ወደ 17 ወረደ። ኩባንያው በመጀመሪያው ዙር ለየገዢው 550 ዶላር ካሰ። ልብ በሉ፣ እዚያ የገዢ ጩኸት ካሳ ያስገኛል። እኛ ዘንድስ? «ወንድሜ፣ አነዳድህ ነው!» ተብሎ ይሸኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሀይብሪድ የሚቆጥበው በአስማት አይደለም። ፍሬን ስትይዝ በከንቱ ይባክን የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። መብራት ላይ ስትቆም ሞተሩን ያጠፋል። እንግዲህ ፍሬን የማይያዝበት፣ መቆም የሌለበት ቀጥ ያለ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ምኑን ይቆጥባል?

የ2024 ቶዮታ ኮሮላን እንውሰድ። በአሜሪካው መለኪያ ተራው ቤንዚን ኮሮላ ከተማ ውስጥ በሊትር 13.6 ኪሎ ሜትር፣ ሀይብሪዱ 22.5 ይሄዳል። ከከተማ ውጭ ግን ተራው 17.4፣ ሀይብሪዱ 19.6። ልዩነቱ ሟሸሸ! የዋጋቸው ልዩነት ወደ 1,500 ዶላር ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ሊትሩን በ90 የአሜሪካ ሳንቲም ቢያስበው፣ ከተማ ውስጥ 580 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 520 ዶላር ያተርፋል፤ ጭማሪውን በሦስት ዓመት ይመልሳል። ያው ሰው አገር አቋራጭ ብቻ ቢነዳ ግን የሚያተርፈው 130 ሊትር እንኳ አይሞላም። ጭማሪውን ለመመለስ አሥራ ሦስት ዓመት ሊጠብቅ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው!

በተቃራኒው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳውን ወገናችንን አስቡት። ቀኑን ሙሉ ከመብራት መብራት ነው። በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር ከነዳ በዚሁ ስሌት 1,570 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። ጭማሪው ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ሰው ሀይብሪድ ቢመርጥ ሒሳብ አውቋል እንጂ ፋሽን አልተከተለም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄጃ ብቻ የሚገዛው ግን ሌላ ነው።

በሶኬት የሚሞላው ሀይብሪድማ አይነሳ! የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 የተመዘገቡ መኪኖችን መንገድ ላይ ያስመዘገቡትን ፍጆታ አሰባስቦ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ የእነዚህ መኪኖች የካርቦን ልቀት በወረቀት ከተጻፈው በአማካይ ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ተራዎቹ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ያለፉት በ20 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ የታሰበውን ያህል ሶኬት ላይ አይሰካውም። ያልሞላ ባትሪ ደግሞ ሸክም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሌላ ጣጣ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሀይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። ሦስት እጅ አልፎ አዲስ አበባ ለገባ መኪና ይህ ወረቀት ምን ይሠራለታል? ባትሪው ከሞተ የአምስት ዓመት ቁጠባ ባንድ ቀን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ሀይብሪድ የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከጎማው በፊት ባትሪውን በባለሙያ ያስመርምር።

ጥር 2016 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔ ማሳወቅ ቀላል ነው። ሕዝቡ የሚገዛው መኪና በእኛ ዳገት፣ በእኛ መጨናነቅ ስንት እንደሚሄድ ለክቶ መለጠፍስ የማን ሥራ ነው? በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚለጠፈው የርቀት ቁጥርም እኮ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው! ከልካይ የሆነ አካል ለኪም ሊሆን ይገባዋል።

እስከዚያው ራሳችን እንለካ። ታንከሩን እስከ አፉ ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግብ፣ ሳምንት ንዳ፣ እንደገና እስከ አፉ ሙላ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ጊዜ በቀዳኸው ሊትር አካፍል። የሚወጣው ቁጥር የሻጩም የባለሥልጣኑም አይደለም፤ የራስህ ነው። በዓመት ስንት እንደምትነዳና የት እንደምትነዳ ከዚያ ላይ ደምር። ትርፉ ጭማሪውን ከመለሰ ሀይብሪዱን ግዛ። ካልመለሰ ገንዘብህን ያዝ!