በሞተር ብስክሌት ለሚፈናጠጠውም ይታሰብለት

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ማገናኘቱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ መንገድ በደረሰበት ሁሉ አውቶቡስ አልደረሰም። በብዙ ወረዳዎች ክፍተቱን የሞላው ሞተር ብስክሌት ነው። ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ የሚጓዘው ገበሬ ከነጂው ኋላ ተፈናጦ ይሄዳል፤ ሲወርድም «ወገቤን!» ይላል።

ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ ነው ማለት ግን ትክክል አይደለም። ተፈናጣጩ የሚቀመጠው ለኋላው ጎማ ቀርቦ ስለሆነ የጉድጓዱ ምት ቶሎ ወደ አከርካሪው ይደርሳል። ምቱን የሚያበርደው አሞርዛተር ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የኋላው አሞርዛተር በመፍቻ የሚዞር ባለ ደረጃ ቀለበት አለው። ለአንድ ሰው እንደተስተካከለ ሁለት ሰው ሲጫንበት ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ይመታል። ስለዚህ ሁለቱን ወገን እኩል ማጥበቅ፣ የጎማውንም ነፋስ ፋብሪካው ለሁለት ሰው በወሰነው ልክ መሙላት ያስፈልጋል። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው።

በቅሎ ያለ እርካብ ሩቅ አገር እንደማትጋለብ መሪዎቻችን ያውቃሉ። የተፈናጣጩ እርካብ የኋላው እግር መርገጫ ነው። እሱ ተሰብሮ ሳይተካ ሲቀር እግር ይንጠለጠላል፤ ተሳፋሪው በጉድጓድ ላይ ብድግ ማለት አይችልም፤ ባቱንም ጭስ ማውጫው ያቃጥለዋል። ያልተሰበሰበ ነጠላም በካቴናና በጎማ ተጠምጥሞ ሰው ይጥላል።

የነገሩ ሥር ግን ከመፍቻ ያለፈ ነው። ነጂው የሚያገኘው በምልልሱ ብዛት ነው። በገበያ ቀን ሁለት ሰው ከነኬሻው አፈናጥጦ ሲፈጥን ትርፉ የእርሱ፣ ሕመሙ የተሳፋሪው ይሆናል። ብቻውን የሚከራከር ተሳፋሪ «ካልፈለግህ ውረድ» ይባላል። ይህ ጸሐፊም ለሥራ ሲዘዋወር ይህንኑ ቃል ሰምቷል።

ስለሆነም ጉዳዩ የማኅበር እንጂ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ነጂዎችን ሰብስበው ከአንድ ሰው በላይ እንዳይፈናጠጥ፣ መርገጫ የሌለው ሞተር እንዳይሰለፍ፣ ለተሳፋሪውም ሄልሜት እንዲዘጋጅ ሊያስማሙ ይገባል። ከዝናብ በኋላ ጉድጓዱን በመንደሩ ጉልበት ማስደፈንም የእነርሱ ፈንታ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ ምጥ ይዟት በሞተር ከመንገላታቷ በፊት ቀኗ ሲቃረብ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትገባ አስቀድሞ ይታሰብ። መንገዱ የተሠራው ሰው በደህና እንዲደርስበት ነው።