አናደው ይሸጡልናል!

ባለፈው እሁድ የአሥር ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ማልቀስ ጀመረ። «ምን ሆንክ ማሙሽ?» ብለው «ጋሼ፣ አንዲት እርምጃ ነበረች የቀረችኝ፤ ነፍሴ አለቀ!» አለኝ።

ስልኩን አንስቼ አየሁት። ሠላሳ ደቂቃ ጠብቅ ይላል። አልጠብቅም ካልክ በዶላር ግዛ! ዶላር ከየት ይምጣ? ዶላር የሌለው ማስታወቂያ ይመልከት፤ እሱም በእኔ ዳታ መሆኑ ነው።

ልጁ ሰንፎ የተሸነፈ መስሎኝ ነበር። ለካ ሸቀጡ መሸነፉ ራሱ ኖሯል!

ይህቺን ዘዴ መሥሪያ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቃታል። «ፋይልህ ጠፍቷል፣ ነገ ና።» በነጋታው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በአምስተኛው ቀን አንዱ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «ለምን ትቸገራለህ?» ይልሃል። የሻይ ስትሰጠው የጠፋው ፋይል ከመሳቢያ ይወጣል። ልዩነቱ፣ ያኛው ሲያዝ ይታሰራል (ከታሰረ!)፤ ይሄኛው አክሲዮን ይሸጣል።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በነፃ የሚጫወቱት «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» የሚሰጠው አምስት ነፍስ ነው፤ ያለቀችው የምትተካው በግማሽ ሰዓት ነው። ባለቤቱ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአክቲቪዥን ብሊዛርድ ሲሸጥ 5.9 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። በ2017 ደግሞ አክቲቪዥን አንድ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው፦ ጀማሪውን መሣሪያ ከገዛ ጎበዝ ጋር እያጋጠሙ፣ መሣሪያውን አይቶ እንዲመኝ የሚያደርግ አሠራር! ኩባንያው በጨዋታዎቼ አልተጠቀምኩበትም ብሏል። ይሁንለት። ግን የማይፈልገውን ነገር ማን ያስመዘግባል?

እምቢ ሲባሉ ግን ይሰማሉ። በዚያው በ2017 የኤሌክትሮኒክ አርትስ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ገበያ ሊወጣ ሲል፣ ዳርዝ ቬደርን ለማግኘት 60,000 ነጥብ ይጠይቅ ነበር። መልፋት የሰለቸው ሳጥን በገንዘብ እየገዛ ዕድሉን ይሞክር ተባለ። ደንበኛው ለጨዋታው አንዴ ከፍሏል እኮ! ጩኸቱ ሲበረታ ነጥቡ ወደ 15,000 ወረደ፣ የሳጥኑም ሽያጭ ለጊዜው ቆመ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማሙሽ ስልኬን ሲጠይቀኝ ምን እንዳደረግኩ ልናዘዝ? ሰጠሁት። አጠገቡም ተቀምጬ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል!» ስል አመሸሁ። አምስቱንም ነፍስ ጨረስናት። ከዚያም ጋሼና ማሙሽ ሰዓት እያየን ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን።