ከ10 ስንት?

«ይህን አልበም ስሙት» ብሎ የሚልክልን ሰው ብዙ ነው። ሊንኩ ስልካችን ላይ ይደርሳል፤ እኛም የልብ ምልክት እንመልሳለን፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ላኪው ከሳምንት በኋላ «ሰማችሁት?» ሲለን «ኧረ ቆንጆ ነው!» እንላለን፤ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ሳይጠይቀን ደግሞ ቶሎ ወሬ እንቀይራለን። ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነንና አይገርምም። ግን አስቡት፤ አንድ ሰው የሚወደውን አልበም ሲሰጠን እኮ ስለ ራሱ አንድ ነገር እየነገረን ነው። «ቆንጆ ነው» ብለን ስናልፈው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ሳንሰማው ቀረን ማለት ነው።

እኛ ቤት ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልማድ አለ። በየወሩ አንድ ሰው አንድ አልበም ይመርጣል። ሌሎቻችን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ሳንዘልል፣ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ እንሰማዋለን። በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እያንዳንዳችን ከ10 የምንሰጠውን ነጥብ በቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከነጥቡ ሥር ምክንያቱን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር የግድ ነው። ወረቀቶቹ ሳይገለጡ ስለ አልበሙ ማውራት ክልክል ነው፤ አለዚያ ልጆቹ የአባታቸውን ፊት እያዩ ነጥብ ይሞላሉ። (አባትየውም የልጆቹን።) መዝሙርና መንዙማ አብረን እንሰማለን እንጂ ነጥብ አንሰጥባቸውም።

በካሴት ዘመን «ሳትዘሉ ስሙ» የሚል ሕግ አያስፈልግም ነበር። አንዱን ዘፈን ለማለፍ ካሴቱን ማጠንጠን ያስፈልጋል፤ በባትሪ ለሚሠራ ቴፕ ደግሞ ማጠንጠን ማለት ባትሪ መጨረስ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ የሚያሽከረክረውን ሰው ታስታውሱታላችሁ። ስለዚህ ያልወደድነውንም ዘፈን እንሰማዋለን፤ ከወር በኋላም ብዙ ጊዜ አንደኛ የሚሆነው እሱ ነበር። ጥቆማውም የሚመጣው ከሙዚቃ ቤቱ ነው። ባለሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ መንገደኛውን ያስቆማል፤ ደንበኛውን ካወቀ ደግሞ «ይሄ ላንተ አይሆንም» እስከማለት ይደርሳል። ዛሬ ያ ሥራ ለስልክ መተግበሪያ ተሰጥቷል። መተግበሪያው ትናንት የሰማነውን አይቶ ያንኑ የሚመስል ያቀርብልናል። የባለቤቴ አጎት የሚመርጡት እንደዚያ አይደለም።

ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ተራቸው ሲደርስ ያመጡት የማህሙድ አህመድን «ኤረ መላ መላ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራና በ1986 በአንድ የቤልጅየም ኩባንያ አማካይነት ለአውሮፓ አድማጭ የቀረበ፣ ብዙ የውጭ ሰዎችን ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ እንዲጠይቁ ያደረገ ሥራ ነው። የ15 ዓመቱ ልጃችን ግን 5 ሰጠው። «ዘፈኖቹ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ድምፁም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ሲነበብ ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። እሳቸው አልተቆጡም። «የቱ ጋ ነው የደጋገመብህ?» ብቻ አሉት።

መልሰን ከፈትነው፤ ልጁም አሳያቸው። ስለ ሰዓት እላፊ ማውራት የጀመሩት ያኔ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ የምሽት ቤቶችና ሆቴሎች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ማለዳ አይወጣም። የሚሄድበት የለውምና ባንዱ አንዱን ዘፈን ቢያስረዝመው ማንም አይቸኩልም። «መደጋገሙን የምንፈልገው እኛው ነበርን» አሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ደግሞ ጓደኛሞቹ ማን ሳይመጣ እንደቀረ ይቆጥሩ ነበር። እኔ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሃያ ዓመት ስኖር ስለዚያ ጊዜ አንድ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ባለቤቴም አልሰማም። ልጃችን ወረቀቱን ወስዶ 5ቱን ሰርዞ 6 አደረገው። ከ6 አላለፈም። ጋሼ ግን በ6ቱ ደስ አላቸው። «ሰምቶታል ማለት ነው» አሉ።

ነጥብ ለመስጠት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። የእኛ አገር አልበም ራሱ መስፈርቱን ይዞ ይመጣል፤ ልባሱ ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ለየብቻ ይጻፋል። ድምፃዊውን ስንጨምርበት አራት ይሆናል። «አልወደድኩትም» ያለ ልጅ የትኛውን እንዳልወደደ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቅንብሩ ሆኖ ይገኛል፤ ዜማውን እኮ እያንጎራጎረው ነው። አንዳንዴ ግን መስፈርቱ አይሠራም። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እናቴ የመረጠች ወር ግጥም የለ፣ ድምፃዊ የለ፤ ምን ላይ እንደምንፈርድ ግራ ገባን። ትንሿ ልጃችን 10 ሰጠች። ምክንያቷ «ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚል ነበር። እማሆይ በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው ያረፉት፤ ከዚህ የተሻለ ምስጋና የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ትልቋ ልጃችን ያመጣችው የሮፍናንን «ነጸብራቅ» ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ቤት ምትና ዜማ ጋር ያጋባ አልበም። ባለቤቴ 4 ሰጠና «ጩኸት» የምትል አንዲት ቃል ጻፈ። አንድ ቃል ዓረፍተ ነገር አይደለም ተብሎ ወረቀቱ ተመለሰለት። «አባዬ፣ በምንድን ነው የሰማኸው?» አለችው። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በስልኩ ስፒከር፣ ሳህን እያጠበ! ወፍራሙ የባስ ድምፅ በስልክ ስፒከር አይወጣም፤ የቀረው ቀጭኑ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እውነትም ጩኸት ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪና ውስጥ ከፈተችለት። ከሲኤምሲ እስከ ሜክሲኮ ያለው መጨናነቅ አንድ አልበም ከነትርፉ ያስጨርሳል። ነጥቡ እዚያው 4 ላይ ቀረ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁን አምስት መስመር ሆኗል፤ ሁለት ዘፈን በስም ጠርቶ «እነዚህን ግን ተዉልኝ» ይላል። ልጅቷ ያንን ወረቀት መስታወቷ ላይ ለጥፋዋለች። 4 የተሰጠው ሰው ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ሰጪው በትክክል እንደሰማለት ሲያምን ነው።

ዋሽንግተን የምትኖረው እህቴም በስልክ ትሳተፋለች። የመረጠችው የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ በስሟ የተጠራውን የ2001 አልበም ነው። አቀናባሪው ቢል ላስዌል ነው፤ ከአጃቢዎቹ መካከል እነ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ አሉበት፤ በጃዝ ዓለም ከእነዚህ የሚበልጥ ስም መጥራት ያስቸግራል። እኔ 9 ሰጠሁ። ያው የ15 ዓመቱ ዳኛችን 3 ሰጠ፤ «ይንቀረፈፋል» አለ። እህቴ ወረቀቱ ሲነበብላት ሳቀችና «እንግዲያው የማይንቀረፈፈውን ላክልኝ» አለችው። የአሜሪካ ራፕ ላከላት፤ 2 ሰጠችው። አክስትና የእህት ልጅ እስከዚያ ድረስ በአካል የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በበዓል ስልክ ሲደወል «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ተባብለው ለእኔ ይመልሱልኝ ነበር። አሁን እኔ በማላውቀው ሰዓት ይጻጻፋሉ። እስካሁን ከ5 በላይ የተሰጣጡ አይመስለኝም።

ከዋሽንግተን ሳልወጣ አንድ የጥቆማ ታሪክ ልጨምር። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እዚያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ነው። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ኃይሉም በከተማው አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው፤ ሰማው፤ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት። አልበሙ በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አንድ ሰው አንድን ካሴት እስከ መጨረሻው በመስማቱ የመጣ ነው። ይህን ለልጆቹ ከነገርኳቸው ወዲህ «ሁለት ጊዜ መስማት ለምን አስፈለገ?» የሚለው ክርክር ቀንሷል፤ አልጠፋም።

ልማዱን መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ዜሮን ከልክሉ። ዜሮ ወሬ ይዘጋል። 10ንም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አትፍቀዱ፤ አለዚያ የይሉኝታ ቦታ ይሆናል። አያቶችን መጀመሪያ አስመርጧቸው፤ ልጆች መጀመሪያ ከመረጡ አያቶቹ «እኛ ይሄ አይገባንም» ብለው ይቀራሉ። ሁለት ሰው ብቻ ብትሆኑም ይሠራል።

የሚቀጥለው ወር ተራ ቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። ወሎ ነው ያደገችው፤ ስለ አምባሰልና ባቲ እኛ የማንሰማውን ትሰማለች። ምን እንደምታመጣ አልነገረችንም። እስካሁን ከ5 በላይ የሰጠችው ለሁለት አልበም ብቻ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ባለቤቴ የመረጠው የለበትም። እሱም ከአሁኑ እርሳሱን እየቀረፀ ነው።